ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ፤ ስለ ሺአን ከተማ

በቻይና አገር ሺአን የምትባለው ከተማ የብዙ ነገሥታት መናገሻ ነበረች፤ ቅጥሯም እስከ ዛሬ ቆሞአል። በቅጥሩ ውስጥ፥ በደቡቡ በር በኩል የኮንፊውሺየስ መቅደስ፥ ከከበሮው ግንብ ማዶ ደግሞ ታላቁ መስጊድ አለ። የኹለቱም ጣራ ጫፉ ወደ ላይ የተቀለበሰ ስለ ኾነ እንግዳ ሰው ሲያያቸው ያንድ አናጢ ሥራ ይመስሉታል። ነገር ግን መቅደሱ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ተሠርቷል፤ በመስጊዱ ግን የሚሰገደው ወደ ምዕራብ፥ ወደ መካ ነው። የሰዎቹም አኗኗር ከዚሁ ይለያያል።

በመቅደሱ ግቢ የተጻፈባቸው ብዙ ድንጋዮች ቆመዋል። ከነዚህም 114ቱ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ837 ዓመት የተፈጸሙት፥ ሊቃውንቱ የሚማሩባቸውን ዐሥራ ኹለት መጻሕፍት የያዙ ናቸው። ከኹሉ ይልቅ እኛን ያቆመን ግን፥ ንጉሠ ነገሥቱ ሹዋንዞንግ በ745 ልጅ ወላጁን ስለ ማክበር የሚናገረውን መጽሐፍ በገዛ እጁ ጽፎ ያስቀረጸው ነው። የኮንፊውሺየስ ትምህርት ስለ ወዲያኛው ዓለም ብዙ አይናገርም፤ ሰው በአባቱ፥ በወንድሙና በንጉሡ ፊት እንዴት ሊቆም እንደሚገባው ያስተምራል። ስለዚህ በቀድሞው ዘመን አባቱ የሞተበት ሹም ማዕርጉ ምንም ቢከብር ሹመቱን ትቶ ኻያ ሰባት ወር በሐዘን ይቀመጥ ነበር። (የአገራችን ሹማምንት ይህን ሲሰሙ ምን ይሉ ይኾን!) የሞቱት አያቶችም ስማቸው በእንጨት ሰሌዳ ተጽፎ ዕጣን ይታጠንላቸዋል፤ ይሰገድላቸዋል።

በመስጊዱ ሰፈር የሚኖሩት ኹይ የሚባሉት ሙስሊሞች ናቸው። ቋንቋቸው ቻይንኛ ነው፤ ቀናቸው ግን በአምስት ስግደት ይከፈላል፥ አሳማም ከገበታቸው አይቀርብም። በምግብ ቤታቸው ደጅ «ንጹሕና እውነተኛ» ማለት የኾነ ጽሕፈት ይታያል። በዚያ ሰፈር እንግዳው ደረቁን ቂጣ ራሱ ቈርሶ ከሳሕኑ ያደርጋል፤ በላዩም የበግ ሾርባ ይጨመርበታል። እኛ በትልልቁ ቈርሰን ብንሰጥ ባለቤቱ ፈገግ ብለው መለሱልን።

ጭንቁ የሚመጣው ሰው ሲሞት ነው። ለኮንፊውሺየስ ተከታይ፥ ለአባቱ ወፍራም የሬሳ ሣጥን ገና በሕይወት ሳለ ማዘጋጀት የደግ ልጅ ሥራ ነበር። ኹዩ ግን አባቱን በነጭ ጨርቅ ገንዞ፥ ያለ ሣጥን፥ ሳይዘገይ ይቀብረዋል፤ ለሰሌዳም አይሰግድም። ይህን ያየ ጎረቤት ልጁን ጨካኝ ሊለው ይችላል። ስለዚህ ዋንግ ዳይዩና ሊዩ ጂ የሚባሉት የሙስሊም ሊቃውንት በዐሥራ ሰባተኛውና በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በቻይንኛ ጽፈው፥ ወላጅን ማክበር ፈጣሪ ራሱ ያዘዘው መኾኑን አስረዱ። መጻሕፍቱ ግን ሰይፍን አላስቀሩም። በ1862 በሻንሺ ግዛት ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከቅጥሩ ውጭ የነበሩት የኹይ መንደሮች ጠፉ፤ የተረፉት በሺአን ቅጥር ውስጥ ያሉት ናቸው።

ማታ ከመስጊዱ ደጅ ቆመን ነበር። አንድ ጐልማሳ ሽማግሌ አባቱን በክንዱ ደግፎ ደረጃውን አወጣው፥ ጐንበስ ብሎም ጫማውን አወለቀለት። አባትዮው ከገባ በኋላ የራሱን ጫማ አውልቆ ተከተለው፤ ከዚያም ኹለቱ ትከሻ ለትከሻ ኾነው ወደ ምዕራብ ቆሙ።