ውሾቻችንና የሚያዝያ ሐሩር

የገዳሪፍን ሐሩር ያልቀመሰ ሰው ስለ ጥላና ስለ ውሻ ሲጻፍ ቢያይ የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስለው ይሆናል። እኛ ግን ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ዝናቡ መግቢያ ድረስ ከጥላ ሌላ የምንነጋገርበት ጉዳይ የለንም ማለት ይቻላል። በሚያዝያና በግንቦት የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ አካባቢ ይውላል፤ አንዳንድ ቀንም ያልፈዋል። የድንኳኑ ውስጥ ደግሞ ከውጭው ይብሳል። ሸራው ሙቀቱን ያስገባል እንጂ መልሶ ማስወጣቱን አያውቅበትም።

የሰፈራችን ስም ራሱ ነገሩን ይናገራል። ራኩባ በሱዳኖች ዐረብኛ በእንጨትና በሣር የሚሠራ ዳስ ነው፤ ኡም ራኩባም «የዳስ እናት» እንደ ማለት ነው። ከእኛ በፊትም በዚሁ ሜዳ ላይ ስደተኛ ሰፍሮበት ነበር። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ከጎንደር በእግራቸው የመጡ ቤተ እስራኤላውያን እዚህ ወራት አሳልፈዋል፤ ብዙዎቹም እዚሁ ተቀብረዋል። ካምፑ ተዘግቶ ቆይቶ በሕዳር 2013 ዓ.ም. እንደገና ሲከፈት ድንኳን ተተከለ። ስሙን ያወጡት ሰዎች ግን በዚህ አገር ሰው የሚያኖረው ሣር እንጂ ሸራ አለመሆኑን አስቀድመው ያወቁ ይመስለናል።

ውሾቹ ከየት መጡ ለሚል፣ ጥቂቶቹ ባለቤቶቻቸውን ተከትለው ድንበር የተሻገሩ ናቸው። የቀሩት የዚሁ አገር ውሾች ሲሆኑ የድስት ሽታ የሳባቸው ናቸው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ ከራሽናችን ፍርፋሪ ስላገኙ የእኛ ሆነው ቀሩ። በመስመራችን ስድስት አሉ።

እውነቱን ለመናገር ጥላ አፈላለግን ያስተማሩን እነሱ ናቸው። ጠዋት ከድንኳኑ በስተምዕራብ፣ ከሰዓት በኋላ በስተምሥራቅ ይተኛሉ። ቀትር ላይ ጥላ የሚባል ነገር ሲጠፋ ደግሞ ጉድጓድ ይምሳሉ። ይህ ጥቁር የዋልካ አፈር በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ ላዩ እሳት ነው፤ ክንድ ያህል ሲቆፈር ግን ቀዝቃዛ ነው። ውሻው ጠጉሩ የሳሳበትን ሆዱን እዚያ ላይ ለጥፎ ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ አይነቃነቅም። ልጆቻችን ይህን አይተው የመኝታቸውን ሥፍራ ዝቅ አድርገው መቆፈር ጀመሩ፤ እኛም ተከተልናቸው።

ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልብም፤ ትንሽ የሚያልበው በመዳፉ ሥር ብቻ ነው። ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው። ምላሱንና አፉን ያረጠበው ውኃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። የዚርም ምስጢር ይኸው ነው። ሱዳኖች በየደጁ በመቆሚያ ላይ የሚያኖሩት ታቹ ሾጠጥ ያለው የሸክላ ጋን ውኃውን በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውጭ ያልበዋል፤ ነፋስ ያንን ላብ ሲያደርቀው ውስጡ ይቀዘቅዛል። (ለውበት ብሎ ዚሩን ቀለም የቀባ ጎረቤት አለን፤ ላቡን ስለደፈነው እስከ ዛሬ የሞቀ ውኃ ይጠጣል።) ነፋስ በሚመጣበት በር ላይ እርጥብ ጆንያ መስቀልንም የተማርነው ከዚሁ ነው። ከሁሉ የበለጠ የጠቀመን ግን ከድንኳኑ በላይ ክንድ ያህል ክፍተት ትቶ የማሽላ አገዳ ጣሪያ ማቆም ነው። ነፋስ በመካከል ማለፍ አለበት፤ አገዳው ሸራው ላይ ከተኛ ግን ጥቅሙ ግማሽ አይሆንም። እሳት የሚያነድ ሰው ከዚያ ራቅ ይበል። የድንኳኑን ጠርዝ በሁለት ወገን ስንዝር ያህል ማንሣትም ደኅና ነው፤ ሲመሽ ግን ጊንጥ አለና መልሶ ማውረድ ያስፈልጋል።

ጠቡ የተነሣው በውኃ ምክንያት ነው። ዚር ከሥሩ ጠብ ጠብ ስለሚል ውሾቹ ሁሉ እዚያ ሥር መተኛት አመጡ፤ ከቦኖውም ሥር እንዲሁ። በዚህ ላይ አንዱ ቡችላ ምላሱን አውጥቶ፣ ለሃጩን እያዝረበረበ፣ እየተንገዳገደ በቀትር ሲሄድ ታየና «እብድ ውሻ!» ተባለ። ወጣቶቹ ድንጋይ አነሱ። ማታውኑ መስመሩ ተሰበሰበ፤ ውሾቹ ይባረሩ የሚለው ድምፅ በረታ።

የእነሱን ክርክር አንንቅም። በስደተኛ ካምፕ ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ውኃ እንዲደርስ የታሰበ መለኪያ ነው፤ በሐሩሩ ወራት ጀሪካን ተደርድሮ ያን የማናገኝበት ቀን አለ። ለሰው ያልበቃ ውኃ ለውሻ ይሰጥ ማለት የሕፃን እናት ፊት ቆሞ የሚነገር ነገር አይደለም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ መታጠብ እንዳለበት ሃይማኖታቸው ያዛቸዋል፤ በዚራቸው ሥር ውሻ ሲተኛ ቢከፋቸው አይፈረድባቸውም።

ነገሩን ያበረዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ከእነዚሁ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን መካከል ያሉ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት በነቢዩ ሐዲስ ውስጥ መነገሩን አስታወሱ። ሁለተኛዋ በመስመሩ ሁሉ እማማ የምንላቸው እናት ናቸው። «እናንተ ልጆች፣ ጠቡን ተዉትና ቁጠሩት እስቲ» አሉ። ቆጠርን። አንድ መካከለኛ ውሻ በሐሩር ቢበዛ ሁለት ሊትር ይጠጣ ብንል ስድስቱ በቀን 12 ሊትር ነው፤ አንድ ጀሪካን አይሞላም። ከቦኖው ሥር እየፈሰሰ ጭቃ የሚሆነው ከዚያ ይበልጣል። በማግስቱ አፉ የተሰበረ አሮጌ ዚር ከቦኖው ዝቅ ብሎ ተቀበረ፤ ፍሳሹ ወደዚያ እንዲወርድ ቦይ ተማሰለት። ከሰው ዚር ሥር የተኛ ውሻ ግን እንዲነሣ ተስማማን፤ እነሱም ቶሎ ለመዱ።

ቡችላው እብድ አልነበረም፤ ሐሩር መቶት ነው። ይህን መለየት ከባድ ስለሆነ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሚመክሩትን እንጽፋለን። ውኃ የጠጣ ውሻ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ የተጠራጠሩትን ውሻ ከሩቁ መተው ነው። የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ቁስሉ ትንሽ ነው ሳይል ለክትባቱ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

ሐሩር ብቻ የመታው ውሻ፣ የራሳችን ለመሆኑ ካላጠራጠረ፣ ጥላ ውስጥ ይተኛል። ሆዱና የጭኑ ውስጥ፣ መዳፉም ጭምር በውኃ ይርሳል፤ ከዚያ በካርቶን ይራገብለታል። እርጥብ ጨርቅ ጭኖ መተው አይበጅም፤ ሙቀቱን ያፍነዋል። የውሻ ጤናማ ሙቀት ከእኛ ከፍ ያለ፣ 38 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ነው፤ 41 ካለፈ ሕይወቱ ያሰጋል። ውኃም በግድ አይጋትም፤ አጠገቡ ይቀመጥለታል። ቡችላው በዚህ ሁኔታ ወደ ማታ ተነሣ። ድንጋይ አንሥቶ ከነበሩት ወጣቶች አንዱ ካርቶኑን ይዞ እስኪመሽ አብሮት ነበር፤ አሁን ከደጁ አይጠፋም። ሌሊት ጅብ ሲመጣ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው።

ሰኔ ሲገባ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። አየሩ ስለሚርስ እርጥቡ ጆንያ ማቀዝቀዙን ይተዋል፤ ዚሩም ይሰንፋል። ዋልካው ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ ይሆናል፤ የውሾቹም የመኝታቸው ጉድጓድም ውኃ ይሞላል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በእኛም በቱናይድባም ነፋስና ዝናብ ብዙ ድንኳን ጥሏልና ጉድጓድ የቆፈራችሁ ሁሉ ከግንቦት መጨረሻ በፊት ድፈኑ፤ ቦዩንም አሁን ማሱ። የአገዳውን ጣሪያ በገመድ ወደ መሬት የምታስሩ ካላችሁ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ትርፍ ገመድ አለ።