የባላገር ሙዚቃ በቤቴል

«ካንትሪ» ሲባል እኛ ተማሪዎች ቶሎ የሚታየን ሰፊ ባርኔጣ የደፋ፣ ጊታር ያነገተ አሜሪካዊ ነው። ጂም ሪቭስ በ1956 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ ከሞተ ይኸው ስንት ዘመኑ፤ ድምፁ ግን ከአባቶቻችን ካሴት ወደ እኛ ስልክ ተሻግሯል። ለመሆኑ ካንትሪ ማለት ምን ማለት ነው? አገር፣ ገጠር፣ ባላገር ማለት አይደለም እንዴ? የቴነሲን ባላገር ናፍቆት በቃላችን የምናንጎራጉር ልጆች፣ የራሳችንን ባላገር ሙዚቃ ፊት ለፊት ተቀምጠን የሰማነው ባለፈው ጥር ነው፤ ያውም ቤቴል፣ በሠርግ ድንኳን ውስጥ።

የዶርም ጓደኛችን እህቱን ሲድር «ኑ፣ አዝማሪም አለ» አለን። ከስድስት ኪሎ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ በታክሲ ቤቴል ገባን። አዝማሪው አንድ ጥግ ላይ ቆሞ መሰንቆውን ይቃኛል። በቆዳ የተለበጠች ገበታ፣ አንድ እጀታ፣ ከፈረስ ጭራ የተገመደ አንድ ክር፣ አንድ ደጋን፤ በቃ ይኸው ነው። ከዚያች ከአንዲት ክር ግን ትዝታም፣ ባቲም፣ አምባሰልም፣ አንቺሆዬም ይወጣል። እኛ እንግዶቹ ጸጥ ብለን ልናዳምጥ ተዘጋጀን። ለካስ ነገሩ ሌላ ነው! «ተቀበል!» አሉ አንዲት እናት ከመካከል ተነሥተው። ግጥም ወረወሩ፤ እሱም ከአፋቸው ተቀብሎ በዜማ መለሰው። ሌላው ተነሣ፤ ግንባሩ ላይ ብር ለጠፈና የራሱን ወረወረ። ዘፋኙ የቱ ነው፣ ሰሚው የቱ ነው? መለየት አቃተን።

ኋላ ወደ እኛ ዞረና ከየት እንደመጣን ጠየቀ። «ከዩኒቨርሲቲ ነን ጋሼ፤ ቋንቋና ታሪክ ነው የምንማረው» አልነው። «እንግዲያው ይቺን ፍቱልኝ» አለና እንዲህ አለ፦

ካዛንችስ ሲፈርስ ወዴት ልደር ብለው፣
ቤቴልሂድ ይለኛል፤ ልቤ ምን ቤት አለው!

ድንኳኑ «ይበል!» ብሎ ሳቀ። እኛም የሰማነው «ቤቴል ሂድ» የሚለውን ነበርና አብረን ሳቅን። አጠገባችን የተቀመጡት ባልቴት ግን አልሳቁም። «ገባችሁ ልጆቼ? ቤቴ ልሂድ፣ ቤቴ ልሂድ ይለኛል ነው'ኮ የሚለው» አሉን። ሰሙ ቤቴል፣ ወርቁ ቤት። ቤቴል ራሱ በዕብራይስጥ «የእግዚአብሔር ቤት» ማለት መሆኑ ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ ይብሳል።

ለእረፍት ሲቀመጥ አዋየነው። ካዛንችስ በየአዝማሪ ቤቱ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ ስመ ጥሩው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት እንኳ ከነበረበት ተነሥቶ ሥራውን ሌላ ቦታ ቀጠለ። እሱ ግን ቤቴል አንድ ክፍል ተከራይቶ ከሠርግ ሠርግ ይዞራል፤ ጾም ሲገባ ሥራ የለም። ከኪራዩ ይልቅ ያስጨነቀው ሌላ ነገር መሆኑ ገረመን። «እዚያ ደንበኛውን አውቀዋለሁ። ማን እንደታረቀ፣ ማን እንዳኮረፈ፣ የማን ልጅ ውጭ እንደሄደ። እዚህ ማንን ላንሣ፣ ምን ልበል?» አለን።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። አዝማሪ የሚለው ቃል ከግዕዙ «ዘመረ» የመጣ ሆኖ ሳለ በሰፈር አፍ ስድብ ሆኗል። ኃይሉን ግን ጠላት አሳምሮ ያውቀው ነበር፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ከጠንቋዮች ጋር አብረው እንዲጠፉ ካዘዘባቸው መካከል አዝማሪዎች ይገኙበታል። መሣሪያቸው ያው አንድ ክር ነበር። ያስፈራው ክሩ አይደለም፤ ወሬ የሚያቀብልና ግጥም የሚቀበል ሕዝብ በዙሪያቸው መኖሩ ነው።

በአሜሪካው ካንትሪ ኮንሰርት ቲኬት ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል፣ ወደ ቤት ይገባል። ዘፋኙ ትናንት ሌላ ከተማ የዘፈነውን ዛሬም ሊደግመው ይችላል። የኛው ግን ጎረቤት ይፈልጋል። የሚተዋወቅ ሰው ሲበተን አዝማሪው ሞያውን ይዞ ይሄዳል እንጂ ግጥሙን ይዞ አይሄድም፤ ግማሹ ያለው ሰሚው ዘንድ ነውና። ይህን ግማሽ ማን ይሰጠዋል? እኛ ክፍል ውስጥ ሰምና ወርቅን በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንፈታለን፣ ለፈተና እንሸመድዳለን፤ ሲወረወርልን ግን ባልቴቷ ናቸው የፈቱልን።

እንግዲህ ሐሳባችን ይህ ነው። በሚቀጥለው የሥነ ጽሑፍ ምሽት ግጥም ከወረቀት ከማንበባችን በፊት አንድ አዝማሪ ይጠራ፤ ዋጋውም ሳይጎድል ይከፈለው። የሚመጣ ሁሉ ቢያንስ ሁለት ስንኝ ይዞ ይምጣ። ካንትሪ ወዳጆችም አትቅሩ፤ ጊታራችሁን ዶርም ተዉትና «ተቀበል!» ማለትን ተለማመዱ።