የአያቴ አውራ ጣት

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ተጠሪ መምህር «ክረምቱን ቤታችሁ ምን ሠርታችሁ አሳለፋችሁ?» የሚል ጽሑፍ እንድናመጣ ነግረውናል። እኔ መጀመሪያ ስለ ልብስ ቁልፍ ብቻ ልጽፍ ነበር። ጀምሬውም ነበር። ግን ስለ ቁልፉ ብቻ ብጽፍ ግማሹን መደበቅ ሆነብኝ፤ ስለዚህ ሁሉንም ልጽፈው ነው። አባቴን አስፈቅጃለሁ።

ነሐሴ ላይ አክስቴ ከአሜሪካ መጣች። የምትኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ከተማ ነው፤ እዚያ ብዙ ሐበሻ አለ ትላለች። ለታናሽ ወንድሜ ለማሙሽ ጫማ አመጣችለት (ሁለት ቁጥር ይበልጠዋል)። ለእኔ ደግሞ በላስቲክ የተጠቀለሉ፣ ባለ ቀለም ትንንሽ ጡብ የሚመስሉ ነገሮች ሰጠችኝ። ማሙሽ ማስቲካ መስሎት ቢጫውን ነከሰው። የጥርሱ ምልክት ቀርቶበታል።

ነገሩ ፖሊመር ክሌይ ይባላል። ክሌይ ማለት የሸክላ አፈር ማለት ነው፤ ውስጡ ግን አንዲት ቁንጥር አፈር የለበትም። የሚሠራው የውሃ ቧንቧ ከሚሠራበት ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ እሱ ላይ የሚያለሰልስ ፈሳሽና ቀለም ይጨመርበታል። እንደ ጭቃ ፀሐይ ላይ ብታሰጡት አይደርቅም። ሲሞቅ ነው የፕላስቲኩ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ተያይዘው የሚጠነክሩት። ከዚያ በኋላ ብታጥቡትም አይሟሟም።

እናቴ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ቁልፍ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ይጎድልባታል፣ ካልሆነም ቀለሙ ከጨርቁ ጋር አይሄድላትም። ስለዚህ «እማዬ፣ ለምን በዚህ ቁልፍ አንሠራም?» አልኳት። እሑድ ከቡና በኋላ ጠረጴዛው ላይ ላስቲክ አንጥፈን ተቀመጥን። አባቴም ሳይቀር። ክረምት ስለሆነ ነገሩ እንደ ድንጋይ ደርቆ እምቢ አለን። ማሙሽ ብብቱ ውስጥ ከትቶ አሞቀው። (ከእናቴ ልብስ ያሰፋችሁ ካላችሁ ይቅርታ፣ በኋላ በሳሙና ታጥቧል።) እንደ ሊጥ አሸነው፣ በለስላሳ ጠርሙስ ዳመጥነው፣ በጠርሙስ ክዳን ክብ ክብ አድርገን ቆረጥነው፣ በስቴኪኒ በሳነው። አባቴ ቀዳዳዎቹ እኩል እንዲራራቁ በማስመሪያ ይለካል። እሱ ምንም ነገር ሳይለካ አይሠራም። እኔ እንቁጣጣሽ ስለደረሰ ለፀጉር ማስያዣ የሚሆን አደይ አበባ ሠራሁ።

እማማ ጥግ ላይ በርጩማቸው ላይ ሆነው ዝም ብለው ያዩናል። እማማ የምለው አያቴን ነው፣ የአባቴን እናት። እኔ ቀለም ደባልቄ ስለተበላሸብኝ ቡናማ የሆነውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ጣልኩት። እሳቸው አነሱት። ትንሽ አድበለበሉት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን መሐሉ ላይ ተከሉና በሌላው እጃቸው ማዞር ጀመሩ። ዓይናቸው እኮ እጃቸው ላይ አልነበረም፤ በመስኮት ዝናቡን ነበር የሚያዩት። መጀመሪያ ሆድ ወጣ። ቀጥሎ አንገት። ከተራፊው እጀታና የሚቀዳበት አፍ ቆንጥረው ለጠፉ። ጀበና! ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ፣ ቅልብጭ ያለች ጀበና።

«እማማ! የት ተማሩት?» ብዬ ጮህኩ።

እሳቸው እንደ ባነነ ሰው ጀበናዋን ቶሎ አስቀመጧትና እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «እንዲያው ነው» አሉ። እናቴ አባቴን አየችው። አባቴ ማስመሪያውን አስቀምጦ ወደ ውጭ ወጣ። ዝናብ እየዘነበ ነበር።

ማታ ከእናቴ ጋር ሽንኩርት ስንልጥ ጠየቅኳት። «አያትሽ እኮ ቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ነበሩ» አለችኝ። አፈሩን ከእንጦጦ በኩል በጀርባቸው ተሸክመው ያወርዱ ነበር። ጀበና፣ ድስት፣ ምጣድ ሠርተው ገበያ ወስደው ይሸጣሉ። አባቴ የተማረው በዚያ ገንዘብ ነው። ታዲያ ትምህርት ቤት ልጆቹ ቡዳ ይሉታል። ምሳውን ብቻውን ነው የሚበላው። አንድ ቀን እማማ ምጣድ ተሸክመው ሲያልፉ ልጆቹ «ያቺ ማናት?» ሲሉት «አላውቃትም» አለ። እማማ ሰምተዋል። ምንም አላሉም። ሥራ ሲይዝና ሰፈር ስንቀይር ሸክላውን ተዉት። እኛ ቤት ከዚያ ወዲህ አይነሳም።

እኔ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አምና ክፍላችን ውስጥ እናቷ ጀበናና ምጣድ የምትሸጥ ልጅ ነበረች፤ አሁንም አለች። እሷ ስትመጣ ምሳ ዕቃቸውን የሚከድኑ ልጆች ነበሩ። እኔ ከድኜ አላውቅም። ግን ስቄያለሁ። አንድ ቀን ብቻ አይደለም።

በማግስቱ ቁልፎቹን የምናበስልበት ቀን ነበር። ወረቀቱ ላይ 275 ይላል። እናቴ ደነገጠች። እኔ ግን ፋራናይት መሆኑን አየሁ። ከ275 ላይ 32 ቀንሼ፣ በ5 አባዝቼ፣ ለ9 ሳካፍለው 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መጣ። (ሒሳብ መምህራችን፣ ይኸው ሠራሁበት!) ችግሩ እኛ ቤት ኦቨን የለም። ስለዚህ በኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ ቆርቆሮ ትሪ አድርገን 12 ቁልፎች ደረደርንበት። እንጀራ የሚጋገርበት ሙቀት ከ135 በጣም እንደሚበልጥ አላሰብንም። ትንሽ ቆይቶ ነጩ ቡናማ፣ ቡናማው ጥቁር ሆነ፤ ጉሮሮ የሚያንቅ ጭስ ቤቱን ሞላው። ፒቪሲ ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነው፤ እንዳትሞክሩት። ሁላችንም እየሳልን ወጣን። እናቴ «ምጣዴን!» እያለች ነው። ደግነቱ ትሪው ብቻ ነው የተበላሸው።

እማማ ግቢ ውስጥ ቆመው «ይሄማ ችኩል እሳት ነው» አሉ። የማንጠቀምበት ቀዳዳ ድስት እንዳመጣ አዘዙኝ። ከጎረቤት የግንባታ አሸዋ ለምነን ግማሽ ድረስ ሞላነው። ድስቱን ውጭ ከሰል ላይ ጣዱት፤ አሸዋው ላይ የቆርቆሮ ሳህን፣ ከላይ ክዳን። አሸዋ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ስለሚሰጥ እሳቱ ቁልፉን በድንገት አይመታውም። ቴርሞሜትር ስለሌለን «እንዴት እናውቃለን?» አልኳቸው። ጣታቸውን ውሃ ነክረው ሳህኑ ላይ አንጠበጠቡ። ጠብታው እንደ ጨሌ እየተንከባለለ ሮጠ። «በዝቷል» አሉና ፍም ቀነሱለት። ቆይተው ደግመው አንጠበጠቡ። አሁን ጠብታው ባለበት ችስ ብሎ ጠፋ። «አሁን ክተቺው።»

እናቴ ሰዓት ያዘች። ከሰሉ ሲደክም ማን መጥቶ ማራገቢያውን ያዘ? አባቴ። ቁጢጥ ብሎ ያራግባል። ማንም አልተናገረም። ከዚያ እማማን ሳያይ «የባሕር ዛፍ ቅጠሉን የምለቅመው እኔ ነበርኩ» አለ። ሸክላ የሚቃጠለው በዚያ ነበር ለካ፣ በቅጠልና በኩበት።

«አዎ፣ እርጥቡንም እየቀላቀልክ» አሉ እማማ። «ስንቱን ምጣድ አስነጥቀህብኛል።»

አባቴ ሳቀ። ከዚያ ማራገቢያውን አስቀምጦ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔና ማሙሽ ዞር እንድንል እናቴ ጠቀሰችን፤ ግን አየነው።

26 ቁልፎች ደህና ወጡ። ሁለቱ ተሰበሩ፣ በደንብ ስላላሸናቸው ነው። ስድስቱ አሁን በለበስኩት ሹራብ ላይ አሉ፣ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ጀበናዋ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። እማማ ግን አልወደዷትም። «ቡና የማይፈላባት ጀበና ምን ትሠራለች?» ይላሉ። እውነተኛ አፈር ቢያገኙ ይሻላቸዋል።

መስከረም ትምህርት ሲከፈት ለዚያች ልጅ አደይ አበባዋን ሰጠኋት። ስለ አምናው ይቅርታ ልላት ብዬ አፌ ተያያዘ፤ በሦስተኛው ቀን ነው የቻልኩት። እሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ አበባውን አገላብጣ «ሸክላ ነው?» አለችኝ። አይደለም ብዬ ስለ አያቴ ነገርኳት። «የኔ እማዬ ትበልጣለች» አለች። እኔ ደግሞ «አትበልጥም» አልኳት። እስካሁን እንከራከራለን።

ይሄን ለእማማ ስነግራቸው ከበርጩማቸው ቀና አሉ። «የእናትየዋ ጀበና እጀታው ወፍራም ነው ቀጭን?» ብለው ጠየቁኝ። አላየሁም። ነገ ከትምህርት ቤት ስወጣ አይቼ እነግራቸዋለሁ።