ካሜራ በስክሪን ብቻ ፈትናችሁ አትግዙ

ጥር የሰርግ ወር ነው፤ ለእኔ ደግሞ የካሜራ ገበያ ነው። ያገለገሉ ካሜራዎችን ከናይሮቢ ገዝቼ በሞያሌ በኩል አስገብቼ ሐዋሳ እሸጣለሁ። ባለፈው ጥር አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ የሸጥኩለትን ካሜራ ከነሌንሱ ይዞ ሱቄ መጣ። “ወንድሜ፣ ይሄ ካሜራ አዋረደኝ” አለና ላፕቶፑን ከፈተ። ሙሽራዋ ወደ ፊቷ አስጠግታ የያዘችው አበባ ጥርት ብሏል፤ ዓይኖቿ ግን ብዥ ብለዋል።

“እጅህ ተንቀጥቅጦ ነው” ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ስንቱን ደንበኛ እንደዚህ ብለን መልሰናል! ደግሞም ሳልፈትነው አልገዛሁትም፤ ናይሮቢ ሱቅ ውስጥ ከኋላ ያለውን ስክሪን እያየሁ ደጋግሜ አንስቼበት ሁሉም ጥሩ ነበር። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ስናይ ግን ስህተቱ ሁሌም ወደ አንድ ወገን ነው፤ ፎከሱ ከሰውየው ፊት ለፊት ይወድቃል። እጅ ቢንቀጠቀጥ ኖሮ አበባውም ይደበዝዝ ነበር።

ቁጭ ብለን ፈተንነው። ካሜራውን ስታንድ ላይ አሰርን። ጽሑፍ ያለበት የብስኩት ካርቶን ከፊቱ ቀጥ አድርገን አቆምን፤ ከጎኑ ማስመሪያ በ45 ዲግሪ አጋደምን። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፈትን፣ በመሃለኛው ነጥብ ብቻ ፎከስ አደረግን፣ እጃችን እንዳይነካውም በታይመር አነሳን። ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊት ፎከሱን አዛብተን እንደገና እንዲይዝ አደረግን። አምስት በቪውፋይንደር፣ አምስት በስክሪን። የስክሪኖቹ ጥርት አሉ፤ የቪውፋይንደሮቹ ሁሉም ወደ ፊት ቀድመዋል።

ጥፋቴን ያየሁት ያኔ ነው። በቪውፋይንደር ስናነሳ ፎከሱን የሚለካው ከመስታወቱ በታች ያለ ሌላ ሴንሰር ነው። ወደ እሱ የሚሄደው የብርሃን መንገድና ወደ ዋናው ሴንሰር የሚሄደው እኩል ካልሆኑ፣ ካሜራው “ይዣለሁ” እያለ ይስታል። በስክሪን ሲነሳ ግን መስታወቱ ይነሳል፤ በአብዛኛው ዋናው ሴንሰር ራሱ ስለሚለካ ችግሩ ይደበቃል። እኔ የፈተንኩት ደንበኛዬ በማይሠራበት መንገድ ነበር።

ስህተቱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ 85 ሚሊሜትር ሌንስ በ1.8 ከፍተን ከ2 ሜትር ብናነሳ፣ ጥርት የሚለው ጥልቀት ወደ 6 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ጥቂት ከሳተ ዓይን ይጠፋል።

መፍትሔው ሜኑ ውስጥ ነበር። እንደ ካኖን 5ዲ ማርክ 2ና 7ዲ፣ እንደ ኒኮን ዲ7000ና ዲ750 ያሉት ከ-20 እስከ +20 የሚደርስ የፎከስ ማስተካከያ አላቸው። ፎከሱ ፊት ከወደቀ ወደ መደመር፣ ኋላ ከወደቀ ወደ መቀነስ ነው። የእኛው +8 ላይ ልክ መጣ። ቁጥሩ የሚሠራው ለዚያ ሌንስ ብቻ ስለሆነ ሌላ ሌንስ ሲገጠም እንደገና መፈተን ያስፈልጋል። ካኖን 60ዲ፣ ኒኮን ዲ3200ና ዲ5300 ግን ይህ ማስተካከያ የላቸውም፤ እነሱ ከሳቱ ወይም 20ም ካልበቃ ጠጋኝ ዘንድ መውሰድ ነው።

ደንበኛዬ ካሜራውን መልሶ ወሰደ። ከዋጋው ልቀንስለት ብል እምቢ አለ። “ገንዘቡስ ይሁን፤ ለሙሽሮቹ ምን ልበላቸው?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሰርግ አይደገምም።

አሁን ናይሮቢ ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ማስመሪያ አለ። ሻጮቹ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። እናንተም ለገበያም ሆነ ለልጃችሁ ካሜራ ስትገዙ፣ ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት በቪውፋይንደር እያያችሁ አንሱና ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት።