ከውርጌሳ ወዲህ

ሐይቅን ትቻት ስወጣ የገበያ ቀን ካልሆነ ጭር የምትል ነበረች። አሁን ከደሴ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አስፋልት ግራና ቀኙ ሱቅ፣ ሆቴልና ባጃጅ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛሬም ሴት ስለማያስገባ ከሩቅ ተሳልሜ ተመለስኩ። ወንድም ጋሼ ውኃው ዳር የቆሮሶ ጥብስ ይዞ ጠበቀኝ። እሾኹን በጣቱ እየለቀመ ሥጋውን ወደ እኔ ይገፋዋል፤ ልጅ ሳለሁም እንዲሁ ነበር።

መጋቢት 1980 ዓ.ም. አፋቤት ላይ ናደው ዕዝ ሲፈርስ ወታደር የነበረው ወንድም ጋሼ ተማረከ። ሻዕቢያ ያን ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ወታደርና ሦስት የሶቪየት መኮንኖች ይዟል። የሶቪየቶቹን ወሬ ዓለም ሰማ። እናታችንን ግን ሞተም ተማረከም ብሎ ያረዳት የለም።

ሳሕል ውስጥ ቀን ቀን ሚግ ስለሚያንዣብብ ምርኮኞቹ ከጥሻ አይወጡም፤ ድንጋይ መፍለጡም መንገድ መጥረጉም ሲመሽ ነው። «እንዴት ቻልከው?» አልኩት። ሌሊት ሌሊት በሐሳቡ ወደ ቤት ይጓዝ ነበር፤ ወልድያ፣ መርሳ፣ ውርጌሳ፣ ውጫሌ። «ሁልጊዜ ውርጌሳ ስደርስ እንቅልፍ ይጥለኛል» አለኝ። በ1983 ዓ.ም. ሲለቀቅ በዚያው መንገድ፣ ባዶ እግሩን፣ ውርጌሳን አልፎ መጣ።

ለእኔ የከበደኝ የእናታችን ነው። ጎረቤት «ተዝካሩን አውጪለት» ሲላት እንቢ አለች። እርሟን ሳታወጣ በየዓመቱ መስከረም 21 ግሸን ማርያም ትወጣ ነበር። ነገሥታቱ የገዛ ወንድሞቻቸውን ለዘመናት ያጋዙት እዚያው አምባ ላይ ነው፤ የእስረኛን ስለት ወደዚያ መውሰዷ ትክክል ነበር እላለሁ። ቄሱ ስሙን ሲጠይቋት «በሕይወት ካሉት ጋር ይጥሩልኝ» ትላቸው ነበር አሉ።

ኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች ነገር ውኃው ዳር እየበላን ሲነሳ ወንድም ጋሼ እጁን ከሳህኑ አነሳ። ወላጆቻቸው ለዓመታት ቁርጥ ያለ መልስ ሲጠብቁ ኖረዋል። የሚቆጣ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን ድምፁ ከፍ አለ፦

«የያዘም፣ አስፈታሁ ያለም፣ ስማቸውን አንድ በአንድ ይጥራ! አለ ወይ የለም ይበል! እኔ እንኳ የት እንዳለሁ አውቅ ነበር፤ እናቴ ናት ያላወቀችው።»