ከአሌክሳንድሪያ እስከ ብሉ ሪጅ በአሮጌ ሃይብሪድ

አሜሪካ ልጆቻችንን ልንጠይቅ የምንሄድ ወላጆች ብዙውን ጊዜ አይተን የምንመለሰው ሦስት ነገር ነው፤ የልጆቻችንን ሳሎን፣ የምንሳለምበትን ቤተ ክርስቲያንና የሐበሻ ሱቁን። እኔ ባለፈው ነሐሴ አራተኛ ነገር አየሁ። በቨርጂኒያ ግዛት ብሉ ሪጅ በሚባለው ተራራ ጀርባ ላይ የተዘረጋ፣ ስካይላይን ድራይቭ የተባለ 105 ማይል መንገድ አለ። በዚያ መንገድ ላይ ከተራራው እኩል ያጠናሁት የልጄን መኪና ነው ብላችሁ አትሳቁብኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሳገለግል የመረመርኩት ሰው እንጂ መኪና አልነበረም።

ልጄ የሚኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ በፖቶማክ ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ ነው። የሚተዳደረው በመኪናው ሰው በማመላለስ ነው። በዚያ አገር ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ እንደሚያውቀው ሾፌሩ የእኛ ሰው መሆኑ አያስገርምም፤ መኪናውም ብዙ ጊዜ ቶዮታ ፕሪየስ ነው። የልጄም የ2012 ስሪት ፕሪየስ ናት፤ ሲገዛት 118,000 ማይል ተነድታ ነበር።

ሃይብሪድ ማለት ባጭሩ ሁለት ዓይነት ጉልበት ያላት መኪና ናት፤ የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር። የልጄ ዓይነቷ ከግድግዳ ሶኬት አትሞላም። ባትሪዋን የምትሞላው ራሷ ናት። ፍሬን ሲያዝና ቁልቁለት ሲወረድ የኤሌክትሪክ ሞተሯ ተገልብጦ ዳይናሞ ይሆናል፤ በሌላ መኪና ሙቀት ሆኖ የሚባክነው ጉልበት ወደ ባትሪ ይመለሳል። ስለዚህ የተለመደው ነገር ይገለበጣል። ሌላ መኪና ሃይዌይ ላይ ሲቆጥብ፣ ይህቺ ግን ቁም ሂድ በሚበዛበት ከተማ ትብሳለች። አዲስ ሳለች በተለካው መሠረት በ1 ጋሎን ከተማ ውስጥ 51 ማይል፣ ሃይዌይ ላይ 48 ማይል ትሄዳለች። 50 ማይል በጋሎን በእኛ አቆጣጠር በ1 ሊትር 21 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

እኔ ስደርስ የልጄ መኪና የምትሄደው 41 ነበር። ልጄ በቀን 150 ማይል ያህል፣ በወር 25 ቀን ይነዳል። በ48 እና በ41 መካከል ያለው ልዩነት ሲሰላ በወር 13 ጋሎን፣ ማለትም 50 ሊትር ቤንዚን ይሆናል። ጋሎኑ ያኔ ከ3 ዶላር በላይ ነበር። ለሚሠራ ሰው 40 ዶላር ምን አላት እንዳትሉ፤ ለእህቴ የስኳር መድኃኒት በየወሩ የሚልከው ገንዘብ እሱን ያህል ነው።

ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ጋራዥ ኮምፒውተሩን ሰክቶ «ባትሪው አርጅቷል፣ ይቀየር» ብሎት ነበር። ዋጋው በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። መቼም የሠላሳ ዓመት ልማድ አይለቅምና «ሐኪሙ በሽተኛውን በእጁ ነክቶታል?» ብዬ ጠየቅሁት። አልነካውም። እንግዲያው ሌላ ሰው ይየው አልኩ።

ሁለተኛው መካኒክ በዕድሜ ገፋ ያሉ ያገራችን ሰው ናቸው። መጀመሪያ የከፈቱት ሞተሩን ሳይሆን የኋላውን በር ነው። በዚህች መኪና የኋላ ወንበር በስተቀኝ ጎን ላይ ወንፊት የመሰለ የአየር ማስገቢያ አለ። ትልቁ ባትሪ ከወንበሩ በስተኋላ ተቀምጦ በዚያ በኩል የተሳፋሪውን አየር ይስባል፤ የሚቀዘቅዘውም በዚያ አየር ነው። የስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ ብርድ ልብስ ዘወትር የሚቀመጠው እሱ ላይ ነበር። መካኒኩ የወንበሩን ጎን ፈትተው ትንሿን ቬንትሌተር ሲያወጧት በጸጉር፣ በአቧራና በፈንዲሻ ፍርፋሪ ተለብዳለች። ባትሪው ማርጀቱ ቀርቶ ታፍኖ ነበር። ሲግል ኮምፒውተሩ ለራሱ ደኅንነት ሲል እንዳይሠራ ይገድበዋል፤ ያን ጊዜ ሸክሙ ሁሉ በቤንዚኑ ሞተር ላይ ይወድቃል። ቬንትሌተሯን ጠርገው መለሷት። ይህን ቤታችሁ እሞክራለሁ የምትሉ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብርቱካንማ ቀለም ያለው ገመድ ካያችሁ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ነው፣ እጃችሁን ሰብስቡ። የማስገቢያውን ወንፊት ከውጭ በቫኪዩም መጥረግ ግን የማንም ሥራ ነው።

ጎማዎቹ ላይ የሚገባው ንፋስ ከፊት 35፣ ከኋላ 33 ነው፤ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። አራቱም 27 አካባቢ ነበሩ። የላላ ጎማ መጎተት እንጂ መንከባለል አይችልም። ከጣሪያው ላይ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት የተወው ፖርቶ መጋላ አለ፤ ዕቃ ተጭኖበት አያውቅም፣ ነፋስ ግን ይይዛል። ወረደ። ከኋላ ያለውን የዕቃ መጫኛ እኔው ባዶ አደረግሁት፤ ሁለት ሣጥን ውኃ፣ የበረዶ አካፋ (በነሐሴ!) እና ሦስት ዓመት ሙሉ ሊመለስ የታሰበ የሰው ድስት።

ከልጄ ጋር የተጨቃጨቅነው በኤሲው ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ተሳፋሪ ከሌለ ያጠፋዋል፣ ልጁን ከትምህርት ማቆያ ሲያመጣውም ጭምር። ዋሽንግተን በነሐሴ የመተማ ቆላ ናት፣ ያውም ከነወበቁ። የሕፃን ሰውነት ከአዋቂው ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ይግላል፤ ፀሐይ ላይ የቆመች መኪና ውስጧ በ10 ደቂቃ ብቻ 11 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል። ይህን የማውቀው ከሥራዬ ነው፣ አልለቀቅሁትም። ያስታረቁን መካኒኩ ናቸው። «ባትሪውም እኮ የሚተነፍሰው የልጁን አየር ነው» አሉት። ኋላ ወንበር ላይ ያለው ልጅ ካላበው፣ ባትሪውም ይግላል፤ ባትሪው ከጋለ የተቆጠበው ነዳጅ በሌላ በኩል ይሄዳል። አሁን ልጄ ከመነሳቱ በፊት በሮቹን ከፍቶ የጋለውን አየር ያስወጣል፣ መኪናዋን ጥላ ፈልጎ ያቆማል፣ ከዚያ ኤሲውን በመጠኑ ይከፍታል። ሃይዌይ ላይ መስኮት ከፍቶ መሮጥም ቁጠባ አይደለም፣ ነፋሱ ራሱ ይጎትታል።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ነው በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ተራራው የወጣነው። ከአሌክሳንድሪያ በ66 ቁጥር ሃይዌይ ወደ ምዕራብ እስከ ፍሮንት ሮያል ከተማ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ልጄ የለመደው በ70 ማይል መብረር ነው። በ60 እንዲሄድ ለመንኩት፤ ከ50 ማይል በላይ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ነዳጅ አጠቃቀሙ በፍጥነት ይበላሻል። ከኋላ ጥሩንባ የነፉብን ነበሩ፣ ይንፉ።

ፍሮንት ሮያል ላይ ስካይላይን ድራይቭ ይጀምራል። የፓርኩ ስም ሼናንዶዋ ነው፤ የተቋቋመው በ1935 ነው። እዚያ የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል፣ 56 ኪሎ ሜትር ነው። ለሃይብሪድ ከዚህ የተሻለ መንገድ ሰው ቢያስብ አያገኝም። ዳገቱ ላይ ቤንዚኑ ያጉረመርማል፤ ጫፍ ላይ ልጄ እግሩን ሲያነሳ ሞተሩ ጭጭ ይላል፣ የወፍ ድምፅ ይሰማል። ዳሽቦርዱ ላይ መሙላትን፣ ቁጠባንና ጉልበትን የሚያሳይ መስመር አለ። የልጅ ልጄ ከኋላ ሆኖ «አባዬ፣ ግሪን! ግሪን!» እያለ ይቆጣጠረዋል። ከሁሉም የነዳጅ መካሪ እሱ ሳይሻል አይቀርም፤ አባቱ ነዳጅ በኃይል ሲረግጥ አይምረውም።

ተራራው ስሙን ያገኘው ከሰማያዊ ጭጋጉ ነው፤ ዛፎቹ ራሳቸው በሙቀት ጊዜ ወደ አየር ከሚለቁት ነገር የሚመጣ ነው። ከመመልከቻዎቹ አንዱ ላይ ቆመን በስተምዕራብ የሼናንዶዋ ወንዝ ሸለቆን አየን። ከታች 33 ዲግሪ የነበረው እላይ አምስትና ስድስት ዲግሪ ቀዝቅዞ ሹራብ አስፈለገኝ። ከፍተኛው የመንገዱ ቦታ ስካይላንድ አካባቢ ሲሆን 1,122 ሜትር ነው። ለልጅ ልጄ «መርካቶ ከዚህ እጥፍ በላይ ከፍ ይላል» ብለው አላመነኝም። ከዚያ በፊት በድንጋይ የተበሳ፣ ወደ 200 ሜትር የሚሆን የሜሪስ ሮክ ዋሻ አለ፤ ስናልፍበት ጣርማ በርን አስታወሰኝ። ይህ ሁሉ ደን የነበረ እንዳይመስላችሁ፤ ፓርኩ ሲሠራ ከ400 በላይ ቤተሰቦች ከተራራው ተነስተዋል፣ መቃብሮቻቸው አሁንም ዛፍ መሐል ይገኛሉ። የተነሡትን ሰዎች ማሰብ ደስታዬን ትንሽ ቀነሰው፣ ልደብቃችሁ አልችልም።

ስንመለስ ቶርንተን ጋፕ ከሚባለው በር ወጥተን ወደ ምሥራቅ ወደ ስፔሪቪል ወረድን። ጠመዝማዛና ቁልቁል ነው። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ባትሪው ሞላ፤ ከሞላ በኋላ ተጨማሪ መቀበል አይችልም፣ ልጄ ፍሬኑን ብቻ እየያዘ ወረደ። ዓባይ በረሃን በአውቶቡስ የወረደ ሰው ያውቀዋል፣ የድሮ ሾፌሮች በማርሽ እንጂ በፍሬን አይወርዱም ነበር። በፕሪየስ ማርሽ መያዣ ላይ «ቢ» የምትል ፊደል አለች፤ ሥራዋ ይኸው ነው። ልጄ ወደ እሷ ሲያደርገው ሞተሩ ጮኸ። የልጅ ልጄ ደነገጠ፤ ጩኸቱ ግን ቤንዚን የማይበላ ጩኸት ነው፣ ሞተሩ መኪናዋን ይይዛል እንጂ አይነዳትም። ሜዳ ላይ ግን «ቢ» አያስፈልግም፣ ወደ ባትሪ የሚመለሰውን ጉልበት ያባክናል።

ስፔሪቪል ስንደርስ ተራራው ላይ የሄድንበት ብቻ ሲሰላ 56 ማይል በጋሎን አሳየ። አገር ቤት ልመለስ በተዘጋጀሁበት ሳምንት በከተማው ሥራ ላይ 48 ነበር። ልጄ አሁን ቀይ መብራት ከሩቅ ካየ እግሩን ቀድሞ ያነሳል፣ ፍሬኑን በለሆሳስ ይይዛል፤ በድንገት ሲረገጥ ጉልበቱ ወደ ባትሪ ሳይሆን ወደ ሸራው ነው የሚሄደው። ክረምታቸው ሲገባ ቁጥሩ መውረዱ አይቀርም፤ ብርድ ላይ አጫጭር መንገድ ሃይብሪድን ከሌላው መኪና የበለጠ ይጎዳታል፣ ሞተሩ ለመሞቅ ብቻ ይነሳልና። ጉዳዮችን በአንድ ጉዞ አጠቃሎ መጨረስ ያኔ ይጠቅማል።

በዚያ አካባቢ ልጅ ያላችሁ ከሆነ ተራራውን በሥራ ቀን ውጡት፣ ቅዳሜና እሑድ ሰልፍ ነው። ነዳጅ ፍሮንት ሮያል ላይ ቅዱ። መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ከመነሳታችሁ በፊት ብዙ አትብሉ፣ እንደ እኔ ጉልበታችሁን የሚያማችሁም በየመመልከቻው ወርዳችሁ ጥቂት ተራመዱ፣ ውኃም ጠጡ።