በመርካቶ የቤተ ሰብን ቀለብ ስለ መምረጥ

ክቡራን አንባብያን እንደሚያውቁት፥ በቀድሞው ዘመን በትልቅ ቤት የሚበላው ቀለብ አብዛኛው ከገጠር ርስት በአህያና በበቅሎ ተጭኖ የሚመጣ ነበር። የቤቱ እመቤት በጉንዶ የመጣው ማር ከየትኛው ቀዬ እንደ ተቆረጠ፥ ቅቤውን ማን እንደ ናጠው፥ ጤፉም በየትኛው ማሳ እንደ በቀለ ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወዲህ ግን ያ ሥርዓት ቀርቶ፥ ከተማውም እየሰፋ ሄዶ ቀለቡ ሁሉ በገበያ የሚገዛ ስለ ሆነ፥ እመቤቲቱ የምታውቀው የሻጩን ፊት ብቻ ሆነ። «ንጹሕ ነው፤ የተፈጥሮ ነው» የሚለው ቃል በየሱቁ የበዛው በዚሁ ምክንያት ይመስለናል።

ቃሉ ምን ያህል እንደሚታመን በዐይናችን ለማየት በአንድ ቅዳሜ ጧት ወደ መርካቶ ወረድን። የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ ቀድሞ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም እንደ ነበረ፥ በጣልያን ወረራ ዘመንም ወደ ምዕራብ ተዛውሮ ይህን የጣልያን ስም እንዳገኘ የታወቀ ነው። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ከአንዋር መስጊድ አካባቢ ተነሥቶ በእግሩ የሚሄድ ሰው፥ ዐይኑን ቢጨፍን እንኳ ከየትኛው ተራ እንደ ደረሰ በአፍንጫው ሊያውቅ ይችላል። መኪና ይዞ መግባት ግን ድካም ነው፤ ተሸካሚውም ገዢውም በአንድ መንገድ ይጋፋሉ።

መጀመሪያ ያስነጠሰን በርበሬ ነው። በዚያ የተከመረው ዛላ ከማረቆ፥ ከሀላባ፥ ከጎጃምም የሚመጣ ሲሆን ነጋዴው አገሩን ሳይጠየቅ ይናገራል። አንዲት አሮጊት ሻጭ፥ «ጌታዬ፥ ሰብረው ይዩት እንጂ፤ ሳይሰበር በምን ይታወቃል?» ብለው አንዱን ዛላ በእጃቸው ሰበሩልን። ፍሬው ደርቆ የሚንኰሻኰሽ፥ ውስጡም ቀይ እንደ ሆነ መልካም ነው። ሻጋታ የታየበት ወይም ሲጨብጡት የሚለመጥ እንደ ሆነ ግን፥ ሚዛን እንዲደፋ ውኃ የተረጨበት ሊሆን ስለሚችል መተው ይገባል። ከሻጋታው አንዳንዱ ዓይነት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ይህም መርዝ በጉበት ላይ ነቀርሳ የሚያመጣ መሆኑ በሊቃውንት ተረጋግጧል። የተፈጨ በርበሬ ሲሆን ግን ይህን ሁሉ መመርመር አይቻልም። ሸክላ ተፈጭቶ ከበርበሬ ጋር እየተደባለቀ መሸጡ ብዙ ጊዜ የተሰማ ነገር ነው፤ የሸክላና የበርበሬ መልክ ደግሞ፥ እግዜር ያሳያችሁ፥ እጅግ ይመሳሰላል። ስለዚህ ዛላውን ገዝቶ፥ ቀንጥሶ፥ ፀሐይ አስጥቶ፥ ከቅመሙ ጋር አዋሕዶ ማስፈጨት ምንም እንኳ አድካሚ ቢሆን የሚሻል ነው። ወደ ወፍጮ ቤት የተላከው ሰው እህሉ ተፈጭቶ እስኪያልቅ ከዚያው ቢቆም መልካም ነው።

ቅቤ ሻጮች ሸቀጣቸውን ለጋ፥ መካከለኛና በሳል ብለው ይከፍሉታል። ከሸኖ የመጣ አይደለም የሚል ሻጭ አላገኘንም፤ ሸኖ ይህን ሁሉ ላም በየትኛው መስክ እንደምታሰማራ ልናደንቅ ይገባናል። የቅቤ ማጭበርበር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የተፈጨ ሙዝ ወይም የተቀቀለ ድንች መጨመር ሲሆን፥ ይህን ለማወቅ ጥቂት ቅቤ ገዝቶ በዝግታ እሳት ላይ ማቅለጥ ይበቃል፤ ባዕዱ ነገር ከሥር ተቀምጦ ያርራልና። ሁለተኛው ግን የረጋ የዘንባባ ዘይት መደባለቅ ነው። ይህኛው ከቅቤው ጋር አብሮ ስለሚቀልጥ በዐይን አይለይም፤ ሽታውንም የበሳል ቅቤ ሽታ ይሸፍነዋል። በላቦራቶሪ ካልሆነ በቀር የሚታወቅበት መንገድ የለም። ለዚህ የሚጠቅመው አንድ ባለ ላም ወይም አንድ ሻጭ ለዓመታት ደንበኛ አድርጎ መያዝ ነው፤ ደንበኛውን እንዳያጣ የሚፈራ ሻጭ ከመንገደኛ ሻጭ ይሻላል።

በማር ተራ ብዙ ቈየን። ነጭ ማር ከትግራይ፥ ቢጫና ቀይ ማር ከጎጃም፥ የጫካ ማር ከካፋና ከሸካ ይመጣል። ንቧ የቀሰመችው አበባ ሲለያይ መልኩም ጣዕሙም ይለያያል። በዚህ ተራ ካየነው ሁሉ ያሳዘነን፥ ገዢዎች መልካሙን ማር «ረግቷል፤ ስኳር አለበት» እያሉ ሲመልሱት፥ ቀጥኖ የሚፈስሰውን ግን ወደው ሲገዙት ማየታችን ነው። ማር መርጋቱ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው፤ ይልቁንም ነጩ ማር ቶሎ ይረጋል። በውኃ ውስጥ ማንጠብጠብ፥ ክብሪት ነክሮ መለኮስ የሚባሉት የቤት ፈተናዎችም የሚታመኑ አይደሉም። በሽሮፕ የተበረዘ ወፍራም ማር ፈተናውን ሊያልፍ፥ ጥቂት ውኃ ያለበት ንጹሕ ማር ደግሞ ሊወድቅ ይችላል። ከሰፈፉ ጋር የሚሸጠውን ማር መግዛት ከዚህ ሁሉ የተሻለ ነው፤ ጠጅ የሚጥሉ ቤቶችም የሚመርጡት ይህንኑ ነው። በቤቱ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ያለ እንደ ሆነ ግን፥ ማሩ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን አያልሱት። በማር ውስጥ ሊገኝ የሚችል አንድ ረቂቅ ተሕዋስ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ ሠርቶ ሰውነቱን እስከ ማዛል ይደርሳል፤ ለትልቅ ሰው ግን ይህ አያሠጋም።

«የተፈጥሮ» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ በእህል በረንዳም ታይቷል። ጤፍ በዚህ ነገር ዕድለኛ እህል ነው። ቅንጣቱ እጅግ ትንሽ በመሆኑ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ስለዚህ በጎተራ ሳለ መድኃኒት አያስፈልገውም። የአደአን ጤፍ «ማዳበሪያ ያልነካው ነው» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ቢኖር ግን ማስረጃ ይጠየቅ፤ በዚያ አገር ማዳበሪያ የማይጨምር ገበሬ ብዙ አይደለምና። ማኛ ጤፍ ለእንግዳ ፊት ያማረ ቢሆንም፥ ቀይ ጤፍ ለጤና ከእርሱ እንደማያንስ ማስታወስ ይገባል። ስንዴ፥ በቆሎ፥ ባቄላና አተር ግን ነቀዝ ስለሚያጠቃቸው በጎተራ መድኃኒት የሚደረግባቸው ጊዜ ብዙ ነው፤ አበጥሮ፥ አጥቦና ፀሐይ አስጥቶ ማስገባት ያስፈልጋል። አንድ ነቀዝ ቢገኝበት የቤት እመቤት አትደንግጥ፤ ነቀዙ በሕይወት የሚሄድበት እህል መርዝ ያልበዛበት ነው።

ጓያን ደግሞ እንመልከት። ማዳበሪያ ሳይፈልግ፥ ዝናብ ሲጠፋም ሳይሞት የሚበቅል፥ ሰው ሠራሽ ነገር ያልነካው ጥራጥሬ ነው። ነገር ግን ብዙ ወራት ሳያቋርጡ የዘወትር ምግብ ያደረጉት ሰዎች እግራቸው ይሽመደመዳል፤ የተሽመደመደውም እግር አይመለስም። ርካሽ በመሆኑ በተፈጨ ሽሮ ውስጥ ስለሚገባ፥ ሽሮንም ከሽምብራው ወይም ከአተሩ ጀምሮ በቤት ማሰናዳት ይገባል።

አትክልት ለመግዛት ወደ ሌላ አቅጣጫ መሄድ ያስፈልጋል፤ በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከስፍራው ተነሥቷልና። ሰላጣና ቆስጣ፥ ይልቁንም በአቃቂ ወንዝ ዳር የበቀለው፥ ለዐይን እጅግ የለመለመ ነው። ወንዙ ግን የከተማውንና የፋብሪካውን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚወርድ ስለ ሆነ፥ በቅጠሎቹ ውስጥ ከባድ ማዕድናት መገኘታቸው በምርመራ ታውቋል። ይህ በሎሚም በኮምጣጤም ታጥቦ አይለቅም። በመቂና በባቱ አካባቢ ለሚበቅለው ቲማቲም የሚረጨው ፀረ ተባይ መድኃኒት ከላይ ያለው በመታጠብ ይቀንሳል፤ ወደ ሥጋው የገባው ግን አይቀንስም። ግቢ ያለው ሰው ጎመንና ሰላጣ ለቤቱ የሚበቃ ያህል በንጹሕ ውኃ ቢያበቅል ከዚህ ሐሳብ ይድናል፤ ለአበባ የሚከፈለው አትክልተኛ ለዚህም ይበቃል።

በቦሌና በሌሎችም ሰፈሮች ባሉት ትልልቅ መደብሮች በማሸጊያ ላይ «ኦርጋኒክ» ተብሎ የተጻፈ ዕቃ በውድ ዋጋ ይሸጣል። ይህ ቃል በሕግ የተወሰነ ትርጉም አለው። ኢትዮጵያም በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 488 የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓትን ደንግጋለች። ትርጉሙም ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ሳይደረግ መመረቱ፥ ይህንንም መርማሪ ከማሳው ጀምሮ አይቶ ማረጋገጡ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ ምርመራ የሚደረግለት አብዛኛው ወደ ውጭ አገር የሚላከው ቡና ነው። ስለዚህ የመርማሪው ድርጅት ስምና ምልክት ሳይኖርበት «ኦርጋኒክ» ብቻ የተባለ ማሸጊያ ያየ ሰው የከፈለው ለቀለሙ ነው። በአንጻሩ በማዳበሪያ የበቀለ ጤፍ መርዝ ነው ብሎ ቤተ ሰቡን የሚያስጨንቅም ተሳስቷል።

የቀረው ወተት ነው፤ ልጆች ላሉበት ቤትም ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው። በ2008 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፥ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከተሰበሰቡት 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ውስጥ ቀደም ብለን ያነሣነው የሻጋታ መርዝ ዘር ተገኝቷል። ከእነዚህም የአውሮፓን ወሰን ያላለፉት 9 ብቻ ነበሩ። ምክንያቱም ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ሻጋታ ያለበት መሆኑ ነው። ወተቱን ማፍላት ተሕዋስን ስለሚገድል ፈጽሞ የማይቀር ነገር ነው፤ ይህን መርዝ ግን አያጠፋውም። እንግዲህ ወተት ሻጩን መጠየቅ የሚገባው ስለ ውኃው ብቻ አይደለም። «ላሞችዎ ምን ይበላሉ? ፋጉሎውስ የት ይቀመጣል?» ማለት ያስፈልጋል።

በከተማው ዳር ጥቂት ላሞች የሚያልቡ አንድ ወይዘሮ ይህን ብንጠይቃቸው፥ ነገሩን በቃል ከመመለስ ይልቅ ቁልፋቸውን አንሥተው ወደ መጋዘናቸው ወሰዱን። ፋጉሎው ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ፥ ከግድግዳው ርቆ ተደርድሯል፤ ያም ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ድርቆሽና ፉርሽካ ነው። «ዝናም ሲመጣ ፋጉሎ አልገዛም፤ ወተቱ ይቀንስብኛል፤ ይቀንስ» አሉን። ዋጋቸው ከሌላው በሊትር ጥቂት ብር ይበልጣል። እኛም ለልጆቹ የሚሆነውን ወተት ከእርሳቸው ዘንድ ለማስመጣት ተስማምተን ተመለስን።